ብሎክ ሲቆጠር የማይቆጠረው፦ ሐሺም ታቢት ከኮነቲከት እስከ ኤንቢኤ

እ.ኤ.አ. በ2009 በተካሄደው የኤንቢኤ ድራፍት (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) አንደኛ የተመረጠው ብሌክ ግሪፊን ነበር። ሁለተኛው ሐሺም ታቢት፣ ሦስተኛው ጄምስ ሃርደን፣ ሰባተኛው ደግሞ ስቴፈን ከሪ። ይህ ቅደም ተከተል የቅርጫት ኳስ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ መሳለቂያ ሆኖ ኖሯል። ኋላ የዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች የሆኑትን ሃርደንንና ከሪን አልፎ ረጅሙን ታንዛኒያዊ ታቢትን የወሰደው የሜምፊስ ግሪዝሊስ ክለብ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። ነገሩ ካለፈ በኋላ ሁሉም ዐዋቂ ነውና ሳቁን ለሚስቁት እንተወው። መልስ የሚፈልገው ጥያቄ ሌላ ነው። በዩኒቨርሲቲ ውድድር ሦስት ዓመት ሙሉ ተጋጣሚዎቹን ወደ ቅርጫቱ እንዳይጠጉ ያስፈራራ ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች)፣ ያንኑ ቁመትና ያንኑ ረጅም ክንድ ይዞ አንድ እርከን ከፍ ሲል ለምን ሜዳው ጠበበው?

መልሱን ለማግኘት ብሎክ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ወደ ቅርጫቱ የተወረወረን ኳስ በእጅ ማገድ፣ ምን እንደሆነ፣ ከዚያም በላይ ምን እንዳልሆነ፣ በደንብ ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታቢት የተወለደው በ1987 በዳሬሰላም ነው። ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ15 ዓመቱ ገደማ ሲሆን፣ ይህ ለስፖርቱ በጣም የዘገየ ዕድሜ ነው። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሂዩስተን ከተማ በአንድ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ከተጫወተ በኋላ በ2006 የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ21 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ የጠበቀው አሰልጣኝ ጂም ካልሁን ነበር። ካልሁን ተከላካይ ሴንተሮችን በማፍራት ስሙ የገነነ ሰው ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊትም ኤሜካ ኦካፎርን አሰልጥኖ በ2004 የአገሪቱን ዋንጫ አንሥቷል።

በመጀመሪያ ዓመቱ ታቢት በአንድ ጨዋታ በአማካይ 3.8 ብሎክ አደረገ። በሁለተኛው 4.5፣ በሦስተኛው 4.2። ሦስቱ ዓመታት ሲደመሩ 417 ብሎክ ይሆናሉ፤ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ የሚበልጠው የኦካፎር 441 ብቻ ነው። በ2008ና በ2009 የቢግ ኢስት ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ፤ የአገሪቱ የኮሌጅ አሰልጣኞች ማኅበርም ሁለቱንም ዓመት በተከላካይነት መረጠው። በጃንዋሪ 2009 ከፕሮቪደንስ ጋር በተደረገ ጨዋታ 15 ነጥብ፣ 11 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰን ኳስ መያዝ) እና 10 ብሎክ አስመዘገበ። በነጥብ ባለ ሁለት አሃዝ ማስመዝገብ የተለመደ ነው፤ በብሎክ ግን ለብዙ ሴንተሮች የዕድሜ ልክ ሕልም ሆኖ ይቀራል። በዚያው ዓመት ኮነቲከት እስከ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ደርሶ በሚሺጋን ስቴት ተሸነፈ። በአጭሩ፣ ታቢት በኮሌጅ ደረጃ የሚባለውን ያህል ጎበዝ ነበር። ያ ጉብዝና በነፋስ የተነፋ ዝና ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም።

እንግዲህ ብሎክ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የቅርጫቱ ቀለበት ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። አጥቂው ድሪብል እያደረገ ገብቶ ኳሱን ወደ ላይ ሲልክ፣ ኳሱ ከእጁ ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ መውጣቱን ጨርሶ መውረድ እስኪጀምር ያለው ጊዜ ከሰከንድ ያነሰ ነው። ሕጉ ለተከላካዩ የሚፈቅድለት ያችኑ ቅጽበት ብቻ ነው። ኳሱ ቁልቁል መውረድ ከጀመረ በኋላ ቢነካው ጎልቴንዲንግ ይባልና ነጥቡ ለአጥቂው ይመዘገብለታል። ሰሌዳውን መትቶ ወደ ቀለበቱ በማምራት ላይ ያለ ኳስ መንካትም እንዲሁ ክልክል ነው። ስለዚህ ጎበዝ አጋጅ አጥቂው መሬት እስኪለቅ ድረስ እግሩን ከመሬት አያነሣም። ክንዱንም ከላይ ወደ ታች አይሰነዝርም፤ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይዘረጋዋል። ከላይ ወደ ታች የወረደ እጅ ኳሱን ቢያገኝም ብዙ ጊዜ የአጥቂውን ክንድ አብሮ ያገኛል፤ ፊሽካ ይነፋል፣ ፋውል ይሆናል። በሌላ በኩል ተከላካዩ ቀጥ ብሎ ከዘለለና አጥቂው መጥቶ ደረቱ ላይ ከወደቀ ሕጉ ለተከላካዩ ያደላል።

የታቢት ትልቁ ጸጋ እዚህ ላይ ነበር። ሌሎች በመዝለል የሚደርሱበትን ከፍታ እሱ ክንዱን በመዘርጋት ብቻ ይቃረበዋል። ስለዚህ ሌላው ተከላካይ ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ መወሰን ሲኖርበት፣ ታቢት ዘግይቶ መወሰን ይችል ነበር። የዘገየ ውሳኔ ደግሞ በብሎክ ጥበብ ትልቅ ሀብት ነው፤ አጥቂው የሚያሳየውን ማታለያ ሁሉ አይቶ እስኪጨርስ መጠበቅ ያስችላል።

ሌላም ነገር አለ። አብዛኛው ብሎክ የሚገኘው ሴንተሩ ራሱ ከያዘው ተጫዋች አይደለም። የቡድን ጓደኛው ታልፎ ሌላ ሰው ወደ ቅርጫቱ ሲገባ ከጎን ደርሶ የሚያደርገው ነው። አጥቂው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ስላለፈ ነጻ የወጣ ይመስለዋል፤ ከጎን የመጣውን እጅ የሚያየው ኳሱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። ከኋላ እንዲህ ያለ ሰው ያለው ቡድን ከፊት መድፈር ይችላል። የመስመር ተከላካዮቹ ተጋጣሚያቸውን ተጠግተው ያስጨንቃሉ፣ ቢታለፉም አይደነግጡም፤ የታለፈው ሰው ሄዶ ሄዶ ታቢት ላይ ነው የሚወድቀው። የካልሁን ቡድኖች ለተከታታይ ዓመታት በብሎክ ብዛት ከአገሪቱ ግንባር ቀደም የነበሩት በዚህ ስልት ነው። ስለዚህ 417ቱ ብሎኮች የታቢት ብቻ ሳይሆኑ፣ ወደ እሱ እንዲነዳ የተደረገ የጠቅላላ ቡድን አሠራር ፍሬም ናቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ድክመት እንምጣ። እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል፦ በአንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኳስ ያዳነ በረኛ በማግስቱ ይወደሳል፤ ተከላካዮቹን በትክክል አሰልፎ ሁለት ኳስ ብቻ የመጣበት በረኛ ግን ስሙ አይነሣም። ብሎክም እንደዚያው ነው። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የተነካው ኳስ ብቻ ነው። አጥቂው ሴንተሩን አይቶ ፈርቶ ያልወረወረው ኳስ አይቆጠርም። አቅጣጫ አስቀይሮ ያሳተው ውርወራ አይቆጠርም። በተቃራኒው ሴንተሩ ብሎክ ፍለጋ ዘሎ ሲስት የሚደርሰው ጥፋትም አይቆጠርም፤ እሱ አየር ላይ እያለ የያዘው ሰው ብቻውን ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ሪባውንዱን ይወስዳል። የተመታው ኳስ የት እንደገባም አይመዘገብም። ወደ ተመልካች የተላከ ኳስ አዳራሹን ያስጨበጭባል፤ ኳሱ ግን ተመልሶ ለአጥቂው ቡድን ይሰጣል። ቢል ረስል በቦስተን ሴልቲክስ ዘመኑ ታላቅ የተባለው ኳሱን በጣቱ ጫፍ ነክቶ ለጓደኞቹ ስለሚያደርስ ነበር። ረስል ጫማውን የሰቀለው በ1969 ሲሆን ኤንቢኤ ብሎክ መቁጠር የጀመረው ግን በ1973 ነው። በዘመናት ሁሉ ታላቅ ከሚባሉት አጋጆች አንዱ በይፋዊው መዝገብ አንድም ብሎክ የለውም።

ቁጥሩ ይህን ያህል ድክመት ካለው፣ የክለቦቹ መራጮች ያንን አያውቁም ነበር? ያውቃሉ። ነገር ግን በቅርጫት ኳስ ሰዎች ዘንድ «ቁመትን ማስተማር አይቻልም» የሚል የቆየ አባባል አለ። ሌላው ሁሉ በሥልጠና ይመጣል ተብሎ ይታሰባል። ታቢት ላይ የተጣለው ተስፋም ከዚህ ስሌት የመጣ ነው፦ 15 ዓመቱ ላይ ጀምሮ እዚህ ከደረሰ፣ አምስት ዓመት ቢጨመርለት የት ይደርስ ይሆን? ስሌቱ ያላየው ግን የሚሄድበት ሜዳ ሌላ ሜዳ መሆኑን ነው።

ይህ አነጋገር ማጋነን ይመስላል፤ በሜትር ስንለካው ግን ማጋነን አይደለም። ከቅርጫቱ ሥር ያለው ቀለም የተቀባው ክልል በኮሌጅ ሜዳ ስፋቱ 3.66 ሜትር ነው፤ በኤንቢኤ 4.88። በታቢት የመጨረሻ ዓመት የኮሌጁ የሦስት ነጥብ መስመር ከቅርጫቱ 6.32 ሜትር ይርቅ ነበር፤ የኤንቢኤው ከማዕዘኖቹ በስተቀር 7.24 ነው። በዚያ ላይ የኤንቢኤ ወርዋሪ ከዚያ ርቀትም ደጋግሞ የሚያስቆጥር ሰው ነው፤ ስለዚህ ዝም ብለው አይተውትም። ኮሌጅ ውስጥ ብዙ ቡድኖች ከሩቅ የማያስቆጥሩ ሁለት ሦስት ተጫዋቾች ስለሚያሰልፉ፣ ተከላካዮች እነሱን ትተው ወደ መሐል ይሰበሰባሉ። ቅርጫቱ ሥር ጫካ ይሆናል። በዚያ ጫካ መሐል አንድ ትልቅ ዛፍ ካለ አጥቂው ማለፊያ የለውም። ኤንቢኤ ላይ ጫካው ይመነጠራል፤ ሴንተሩ ሁለት እርምጃ ይበቃው የነበረበት ቦታ አራት እርምጃ ይጠይቀዋል። ሁለቱን እርምጃ ቁመት ይሸፍናቸዋል፤ አራቱን የሚሸፍነው እግር ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሕግ አለ። በኤንቢኤ ተከላካይ በክንድ ርቀት የያዘው ሰው ከሌለ በስተቀር ቀለም በተቀባው ክልል ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። ከቆመ ተጋጣሚው አንድ የቅጣት ምት ያገኛል፤ ኳሱም ለራሱ ይመለሳል። ሕጉ የመጣው በ2001 የዞን መከላከል (ሰው ሳይሆን ቦታ መጠበቅ) ሲፈቀድ ነው፤ ያለዚያ ረጃጅሞቹ ሁሉ ቅርጫቱ ሥር ሰፍረው ጨዋታውን ይገድሉታል ተብሎ ተፈራ። በኮሌጅ ይህ ሕግ የለም። ታቢት ኮነቲከት እያለ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ መጠበቅ ሙሉ መብቱ ነበር። ኤንቢኤ ሲገባ መግባትና መውጣት፣ መቁጠር፣ ዞር ብሎ ሰውን መንካት፣ ተመልሶ መግባት ሆነ ሥራው። በልጅነት ለጀመረ ሰው ይህ ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ዘግይቶ ለጀመረ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ሐሳብ ይጠይቃል፤ ሲያስብ ደግሞ ኳሱ አልፏል።

ከሁሉም የከፋው ፈተና ፒክ ኤንድ ሮል ነው። የኤንቢኤ ማጥቃት ዋና ቋንቋ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ኳስ የያዘው አጭርና ፈጣን ተጫዋች አለ፤ የተጋጣሚው ሴንተር የሚይዘው ረጅሙ አጥቂ ይመጣና የፈጣኑን ተከላካይ መንገድ በአካሉ ይዘጋል። ፈጣኑ ያንን አጥር ታክኮ ሲወጣ ጠባቂው ከኋላ ቀርቷል። አሁን ፊት ለፊቱ ያለው የተጋጣሚው ሴንተር ብቻ ነው። ሴንተሩ ወደ ፊት ከወጣ፣ አጥር የሆነው ረጅሙ አጥቂ ከኋላው ሾልኮ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል፣ ኳስ ይወረወርለታል። ወደ ኋላ ካፈገፈገ፣ ፈጣኑ ከመካከለኛ ርቀት ሳይረበሽ ይወረውራል። ትክክለኛው መልስ በሁለቱ መሐል ሆኖ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ወገብን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ሁለቱንም ማጠራጠር ነው። 2.21 ሜትር ለሆነ ሰው ወገብን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ መንሸራተት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። እግሩ ረጅም ነው፣ የስበት ማዕከሉ ከፍ ያለ ነው፣ አቅጣጫ ለመቀየር ጊዜ ይወስድበታል። ቡድኖችም ይህን ስለሚያውቁ ደካማ የመሰላቸውን ሴንተር ደጋግመው ወደዚህ ጨዋታ ይጎትቱታል። የአንድ ጊዜ ስህተት ከሆነ ዕድል ነው ይባላል፤ አሥር ጊዜ ከተደገመ አሰልጣኙ ያስወጣዋል።

ይህ ሁሉ በኮሌጅ ጊዜው አልታየም ነበር ወይ? አንድ ምሽት በግልጽ ታይቷል። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2009፣ ታቢት 22 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ በአገሪቱ አንደኛ የነበረው ኮነቲከት ሃርትፎርድ ላይ ፒትስበርግን ገጠመ። የፒትስበርግ ሴንተር ደጁዋን ብሌር ይባላል፤ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከታቢት በ20 ሴንቲ ሜትር ያጠረ፣ ግን ትከሻው እንደ ግንብ የሰፋ ነው። ሁለቱ ለሪባውንድ ሲታገሉ ክንዳቸው ተቆላለፈ፤ ብሌር ጎንበስ ብሎ ወደ ላይ ሲቀና ታቢት በትከሻው ላይ ተገልብጦ ጀርባው መሬት ተመታ። ምስሉ ለሳምንታት በቴሌቪዥን ተደጋገመ። እኔ ግን ከውድቀቱ ይበልጥ የምመለከተው የጨዋታውን መዝገብ ነው፦ ብሌር 22 ነጥብና 23 ሪባውንድ፣ ታቢት 5 ነጥብና 4 ሪባውንድ። ፒትስበርግ 76 ለ68 አሸነፈ። ብሌር በቁመት አልተፎካከረም፤ ታቢት ከመዝለሉ በፊት በዳሌውና በጭኑ ገፍቶ ከቦታው አነሣው። ቦታውን ያጣ ሴንተር ክንዱ የቱንም ያህል ቢረዝም ከቅርጫቱ ርቆ ነው የሚዘረጋው። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱ የቢግ ኢስት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ክብርን ተካፈሉ። በድራፍቱ ግን ታቢት 2ኛ፣ ብሌር 37ኛ ሆነው ተመረጡ። ለቁመት የተከፈለው ዋጋ ይኸው ነው።

እንደ ብሌር ያለ ጉልበት በኮሌጅ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ያጋጥማል። በኤንቢኤ በየሁለት ቀኑ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይመጣል። ታቢት በመጀመሪያ የኤንቢኤ ዓመቱ በአማካይ 3.1 ነጥብ፣ 3.6 ሪባውንድና 1.3 ብሎክ አስመዘገበ። ቁጥሩ ሲታይ ያሳዝናል። ነገር ግን በጨዋታ የተሰለፈው 13 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ያንን በ40 ደቂቃ ብናሰላው ብሎኩ ወደ አራት ይጠጋል። ማለትም ኳስ የመንካት ችሎታው አልጠፋም፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣው ያው እጅ ኤንቢኤ ላይም ሠርቷል። ያቃተው ሜዳ ላይ መቆየት ነው። ፋውሉ ቶሎ ቶሎ ይበዛ ነበር፤ ለማገድ ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ከኳሱ በፊት ገላን ያገኛልና። ማጥቃት ላይ ደግሞ በጠባብ ቦታ በፍጥነት የሚመጣን ኳስ መቀበል፣ መያዝና ሳያወርዱ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ይህ የታቢት ጠንካራ ጎን አልነበረም። አንድ ሴንተር ለተከላካይነቱ ብቻ ሠላሳ ደቂቃ እንዲሰለፍ ከተፈለገ፣ በማጥቃት ቢያንስ ተጋጣሚው ችላ የማይለው ሰው መሆን አለበት። ችላ ከተባለ ቡድኑ በአራት ሰው እንደሚያጠቃ ይቆጠራል።

የሜምፊስ ሁኔታም አልረዳውም። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ምርጫ የሚሄደው ደካማ ቡድን ውስጥ ነው፤ ደካማ ቡድን ደግሞ ወጣቱን እያሳሳተ ያስተምረዋል፣ ሽንፈት ስለማይገርመው። ሜምፊስ በ2008–09 ያሸነፈው 24 ጨዋታ ብቻ ስለነበር ይህ የሚሆን ይመስል ነበር። ነገር ግን በዚያው ክረምት ልምድ ያለው ዛክ ራንዶልፍ መጣ፤ የቡድኑ ሴንተር ማርክ ጋሶልም በሁለተኛ ዓመቱ በሰለ። ቡድኑ በድንገት 40 ጨዋታ አሸነፈ። የሚያሸንፍ አሰልጣኝ ተማሪ አይፈልግም። በፌብሩዋሪ 2010 ታቢት ወደ ዳኮታ ዊዛርድስ፣ ማለትም ወደ ታችኛው የልማት ሊግ ተላከ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በድራፍት እንዲህ ከፍ ብሎ ተመርጦ ወደዚያ የወረደ ተጫዋች አልነበረም።

ጋሶልን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እሱ የተመረጠው በ2007 ነው፤ 48ኛ ሆኖ። መዝለሉ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሩጫውም እንደዚያው። በ2013 ግን የኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸለመ። በዚያ ዓመት በጨዋታ የነበረው አማካይ ብሎክ 1.7 ብቻ ነው። ጋሶል ኳሱ ሳይመጣ የሚመጣበትን ያውቅ ነበር፤ ጓደኞቹን በጩኸት ያሰልፋል፣ ፒክ ኤንድ ሮሉ ሳይጀመር ቦታውን ይዟል፣ አጥቂውም ሊወረውር ሲያስብ መንገዱ ተዘግቶ ያገኘዋል። ሜምፊስ ከፍተኛ አጋጅ ፍለጋ ሁለተኛ ምርጫውን ሲያወጣ፣ የሚፈልገው ተከላካይ እዚያው ቤቱ ውስጥ ነበር። በብሎክ ብዛት ስለማይታይ ግን ማንም በዚያ ስም አልጠራውም።

ዘግይቶ መጀመሩ ብቻውን ነው ያሰናከለው ማለትም አይቻልም። ሐኪም ኦላጁዎንም ሌጎስ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የጀመረው በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነው፤ ዛሬ በኤንቢኤ ታሪክ የብሎክ ክብረ ወሰን ባለቤት ነው፣ 3,830። ልዩነቱ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ኦላጁዎን ከዚያ በፊት እጅ ኳስና እግር ኳስ ተጫውቶ ስላደገ እግሩ ቀድሞ ተምሯል። ሁለተኛ፣ ሂዩስተን ሲደርስ በፎንዴ መዝናኛ ማዕከል በክረምት ወራት ከሞሰስ ማሎን ጋር እየተጋፋ ይለማመድ ነበር፤ ማሎን ያኔ በኤንቢኤ ከሁሉም የበረታ የሪባውንድ ሰው ነው። አንድ ወጣት በየቀኑ ከአገሪቱ ጠንካራ ሰው ጋር ሲገፋፋ ከርሞ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ የኮሌጅ ተጋጣሚዎቹ ቢቀሉት አይደንቅም። ታቢት የገጠመው የዚህ ተቃራኒ ነው። ኮሌጅ ላይ በቁመቱ ብቻ ስለሚያሸንፍ ሌላ መሣሪያ የሚያስፈልገው ቀን እምብዛም አልመጣም፤ በመጣ ጊዜም ብሌር ሆኖ መጣ። ኦካፎርን ብናነጻጽር፣ ያው አሰልጣኝ ያሠለጠነው፣ በ2004 ድራፍት ያው ሁለተኛ ቦታ የተመረጠ፣ ከታቢት በ13 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ሰው፣ በመጀመሪያ ዓመቱ የኤንቢኤ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆኗል። ኦካፎር ለቁመቱ ጉልበት፣ ለጉልበቱም ቦታ የመያዝ ጥበብ ነበረው።

ስለ «ያልተፈጸመ ተስፋ» ሲወራ ብዙውን ጊዜ ተጫዋቹ ሰንፏል የሚል ወቀሳ አብሮ ይመጣል። በታቢት ላይ ይህን መለጠፍ የሚቀናቸው ሰዎች ያዩትን ነገር ከተስፋው ጋር ያቀላቀሉ ይመስለኛል። በኮነቲከት የታየው ነገር ጅምር አልነበረም፤ በዚያ ሜዳ፣ በዚያ ሕግ፣ በዚያ ስልት ሊደረስበት የሚችለው ጫፍ ነበር። 417ቱ ብሎክ ተፈጽሟል። ከዚያ የቀረውን፣ ማለትም ሌላ ተጫዋች ይወጣዋል የሚለውን፣ የጨመሩት መራጮቹ ናቸው፤ ተስፋው ሳይፈጸም ሲቀር ግን ዕዳው በእሱ ስም ተጻፈ። ሰውየው በሜዳ ላይ ምንም ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም፤ ኳስ ለመቀበል የሚያስቸግር እጅና የሚዘገይ እግር የእሱ ናቸው። ነገር ግን 22 ዓመቱ ላይ ገና ሰባት ዓመት የተጫወተን ሰው በዓለም እጅግ ፈጣኑ ሊግ ውስጥ በ13 ደቂቃ ለማስተማር መሞከር የክለቡ ውሳኔ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2011 ሜምፊስ ታቢትን ከሌሎች ጋር ለሂዩስተን ሮኬትስ ሰጥቶ ሼን ባቲየርን አመጣ። ከሁለት ወር በኋላ ሜምፊስ ከሳን አንቶኒዮ ጋር ባደረገው የመጀመሪያ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ባቲየር የሦስት ነጥብ ኳስ አስገባ፤ ክለቡም በታሪኩ የመጀመሪያውን የጥሎ ማለፍ ድል አገኘ። ስለዚህ የዚያ ድራፍት ምርጫ ሙሉ በሙሉ ባክኗል ማለት እንኳን ትክክል አይሆንም፤ በዙሪያ ጥምጥም ተመልሷል። ታቢት ከሂዩስተን ወደ ፖርትላንድ፣ ከዚያም በ2012 ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ተሻገረ። (ሃርደን በዚያው ዓመት መኸር ኦክላሆማን ለቅቆ ሂዩስተን ገባ፤ ሁለቱ ከተማ የተለዋወጡ ይመስል።) በኦክላሆማ የመጀመሪያ ዓመቱ 66 ጨዋታ ላይ ተሰለፈ፤ ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ። በጠቅላላው በአራት ክለቦች 224 የኤንቢኤ ጨዋታ ተጫውቶ በ2014 ከሊጉ ወጣ። ከታንዛኒያ ወጥቶ ኤንቢኤ የገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ጃፓን ሄዶ ለዮኮሃማ፣ በኋላም ታይዋን ውስጥ ለሲንቹ ላየኒርስ ተጫወተ። ሠላሳዎቹን ካጋመሰ በኋላ እንኳን ታይዋን ላይ በየጨዋታው ኳስ ያግድ ነበር። ይህ የሚያስገርም አይደለም። ከኤንቢኤ ውጭ ያለው አብዛኛው ዓለም የሚጫወትበት የፊባ (የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ተከላካይን በሦስት ሰከንድ አያስወጣም፤ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ መጠበቅ ይፈቀዳል፤ የሚመጡበት ወርዋሪዎችም ከ7.24 ሜትር ደጋግመው የሚያስቆጥሩ አይደሉም። እግሩ ብዙ ሳይሮጥ እጁ እንደገና ሥራ አገኘ።